ከኋላ የተነሳው ጋውን

ቢቸና ፎቶ ቤት ሥራ የገባሁ ዕለት ባለቤቱ ጋሽ ታደለ መጀመሪያ ያሳዩኝ ካሜራውን ሳይሆን የምርቃት ጋውኑን ነበር። አንድ ጥቁር ጋውን፣ አንድ ባርኔጣ፣ አንድ ጣሳ ሙሉ የልብስ መቆንጠጫ።

«ይህ የሁሉም ልክ ነው» አሉኝ። ለቀጭን ሰው ከኋላ ሰብስቦ በመቆንጠጫ መያዝ ነው። «ከፊት ሲያዩት ዶክተር፣ ከኋላ ሲያዩት የተሰጣ ልብስ!»

ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሰው ፊት መናገርም ይከብደኛል። ደንበኛን «ፈገግ በሉ» ማለት አቃተኝ። ጋሽ ታደለ አልተቆጡም። «አንቺ ጣትሽን ብቻ አንሺ፤ ወደ ጣትሽ ሲያዩ አንገታቸው ይቃናል» አሉ። እስካሁን የምሠራው እንዲያ ነው።

ሥራውን ስለምድ ሞጣ የከፈቱትን ሁለተኛ ቤት ከራሱ ጋውንና መቆንጠጫ ጋር ሰጡኝ። ማንሳት፣ ማስተካከል፣ ማተም፣ መቁረጥ፣ ሁሉም በእኔ ሆነ። ብዙ ተማሪ ከምርቃቱ ቀን አስቀድሞ በጋውን ፎቶ ይነሳል፤ ይህ የተለመደ ነው። ፎቶው በትልቁ ሳይታተምለት የወጣ ተመራቂ ግን አይቼ አላውቅም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ብዙ ልጅ በወደቀበት ዓመት አቶ ዳምጤ የሚባል ሰው ወጣቶች ይዞ መጣ። ኮቱ ንጹሕ፣ አፉ ለስላሳ ነው። «ቦትስዋና ዩኒቨርሲቲ ሊገቡ ነው፣ እህቴ። እዚያ መንግሥት በነጻ ያስተምራል» አለኝ።

የፓስፖርት ፎቶ አነሳኋቸው። ቀጥሎ ዳምጤ ጋውኑን ከመስቀያው አውርዶ ሰጣቸው።

«ገና ሳይሄዱ?» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ።

«ለማስታወሻ ነው። እዚያ ፎቶ ውድ ነው።»

አበባ ያለበትን መጋረጃ አልፈልግም አለ፤ ነጭ ግድግዳ ይሁን። አይታተም፤ ነገ በፍላሽ እወስደዋለሁ። ከዚያ ከኮምፒውተሩ ይጥፋ አለ። ለምን እንደማይታተም እያሰብኩ አነሳኋቸው።

ከልጆቹ አንዷ ገነት ትባላለች። አባቷ የመርጡለ ማርያም ሰው፣ የቅኔ መምህር ናቸው። አግዳሚው ላይ ጃንጥላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«እኔም ለቅኔ ብዬ ከቤት ስወጣ እናቴ ወሬዬን ሳትሰማ ስንት ክረምት አለፈ» አሉ። «ያልዞረ ተማሪ ምን ያውቃል? ተማሪ ሲጠፋ ደህና ነው ማለት ነው።»

«ይኸው! የኔታ ገብቷቸዋል!» አለ ዳምጤ።

ደስታው ፈጠነብኝ። ልጃቸው ብትጠፋ የማይፈልጓት አባት ያገኘ መስሎ ታየኝ።

ዳምጤ ስልኩ ሲጮህ ወጣ። ገነትን «ዙሪ» አልኳት በጣቴ። ከኋላ አነሳኋት።

«ይህ ደግሞ ለምንድን ነው?»

«ለእኔ ነው» አልኳት።

ከሰዓት መምህር ከድር ለመታወቂያ ፎቶ መጡ። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድበው ሞጣ የሚያስተምሩ፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ቦትስዋና የሠሩ ሰው ናቸው። እንደምንም ጠየቅኳቸው።

«በነጻ ያስተምራል የሚሉት እውነት ነው?»

«የራሱን ልጆች፣ አዎ። ሕዝቡ ትንሽ ነው፣ አልማዝ አለው፣ ለዜጎቹ ይከፍላል። እነሱም ተመርቀን ሥራ አጣን እያሉ ያማርራሉ። እኔን ግን መጀመሪያ የጠየቁኝ የሚከፍልልህ ማን ነው ብለው ነው።»

«አሥራ ሁለተኛን ያላለፈስ?»

«እዚያም በሩ ያላለፈን አያስገባም፣ ብርቱካን። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ተቀብለንሃል ብሎ የጻፈው ለእኔ ለራሴ ነው እንጂ ለደላላ አይደለም።» ጋውኑን አዩና ሳቁ። «ይህ ባለፈው የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች የለበሱት አይደለም?»

እኔ አልሳቅኩም። የገነትን የኋላ ፎቶ በትልቁ አተምኩት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር ሊሳፈሩ ሲሉ መጡ። ዳምጤ ፍላሹን ሰጠኝ፤ ገልብጬ መለስኩለት። ከዚያ ፎቶውን ለየኔታ በሁለት እጄ አቀረብኩ። መቆንጠጫዎቹ በጀርባዋ ላይ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል።

አገላብጠው አዩት። «ፊቷስ የታለ?»

«ፊቷን እሳቸው በፍላሽ ይዘውታል፣ የኔታ» አልኩ። ሰው ፊት እንዲያ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

የኔታ ወደ ዳምጤ ዞሩ። «ልጄን ሳትማር ማን አስመረቃት?»

«ለማስታወሻ ነው አልኩዎ እኮ!»

«ማስታወሻ ላለፈ ነገር ነው። ተመረቀች ብለህ ለእናቷ ልትልክላት ያሰብከው መቼ ነበር? የእኔ እናት ወሬዬን ስታጣ መምህሬ ማን እንደሆኑ ታውቅ ነበር። የዚችን መምህር ስም ንገረኝ።»

«ዩኒቨርሲቲ አንድ መምህር የለውም፣ የኔታ።»

«እሺ፣ ከብዙዎቹ አንዱን።»

ዳምጤ ወደ እኔ አፈጠጠ። «አንቺ የካሜራ ቁልፍ ተጫኝ! ነገር ሠሪ!» ፍላሹን ይዞ ወጣ። ሌሎቹ ልጆች ተከተሉት። የኔታ የገነትን ሻንጣ ከሚኒባሱ ላይ አስወረዱ።

ገነት አኮረፈችኝ። «አንቺ ስላልተማርሽ እኛ እንዳንማር ነው» አለችኝ። ሰውየው ልጆቹን የት እንደወሰዳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። አይመስለኝም።

ከቆይታ በኋላ ጋሽ ታደለ ከቢቸና ደወሉ። «አንድ ሰው በጋውን አንሺልን፣ አታትሚ እያለ ሠራተኛዋን ያጣድፋታል። ምን ትበለው?»

«ከኋላም አነሳለሁ ትበለው።»

ሰውየው የአበባው መጋረጃ ከግድግዳው ሳይወርድ ሄደ አሉ።

ገነት በዓመቱ ለፈተና ምዝገባ ፎቶ ልትነሳ መጣች። ሰላም አላለችኝም። ነጩ ግድግዳ ፊት ቆመች።

«ፈገግ ልበል?»

«ለፈተና አይፈቀድም» አልኳትና ጣቴን አነሳሁ።

ፎቶ ቤት የሚመጣ ሰው መታየት ይፈልጋል። ፎቶው እንዳይታይ የሚፈልግ ሲመጣ፣ ካሜራውን ከማንሳት በፊት ለምን ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።