ሦስት ሳምንት የጎደላት ኔስታ

ኔስታ ፕሮሰር በዌልስ ጠረፍ፣ አበርሊስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት አምቡላንስ ነድታለች። የመጀመሪያዎቹን አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ያሳለፈችው ኩላሊታቸው የደከመባቸውን፣ እግራቸው የተቆረጠባቸውን አዛውንት ከየቤታቸው ወደ ሆስፒታል በማመላለስ ነው። የየደጃፉን ደረጃ ብዛት በቃሏ ታውቅ ነበር። የቀሩትን ዓመታት በድንገተኛ ጥሪ ላይ ሠራች። መኪና ውስጥ ሁለት ሕፃናት አዋልዳለች፤ ማዕበል መንገዱን በቆረጠበት ክረምት አንድ ዓሣ አጥማጅ በጀርባዋ አዝላ አውጥታለች። ይህች ሴት ግን ደረቷ ላይ የምትሰካው አንድም ሜዳይ የላትም።

ያስቀራት ደንቡ ነው። የብሪታንያ ንግሥት የነገሡበት ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር የመታሰቢያ ሜዳይ የታደለው ለድንገተኛ ጥሪ ሠራተኞች ነበር፤ እሷ ያኔ በሽተኛ አመላላሽ ነበረች። ስድሳኛው ሲመጣ ወደ ድንገተኛ ጥሪ ተዛውራለች፤ ነገር ግን አምስት ዓመት ይጠየቅ ነበርና የእሷ አራትም አልሞላ። የረጅም ዘመን አገልግሎት ሜዳዩ ደግሞ ሃያ ዓመት ይፈልጋል፣ ያውም በድንገተኛ ጥሪ ብቻ። ሰባኛው ቀረበ። በዚህኛው ምንም የሚያስቀራት ነገር አልነበረም። ግን ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ጃንዋሪ አሥራ አራት ቀን ጡረታ ወጣች። ደንቡ “ፌብሩዋሪ ስድስት ቀን በሥራ ላይ ያለ” ይላል። ሦስት ሳምንት ጎደላት።

ታናሽ እህቷ ኦልዌን ባትኖር ኖሮ ምናልባት ትረሳው ነበር። ኦልዌን ዳቦ ቤት ውስጥ ሻጭ ናት፤ በትርፍ ጊዜዋ ግን በባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን ቡድን ውስጥ በፈቃደኝነት ታገለግላለች። ቡድኑ የገባችው ገና በወጣትነቷ ስለሆነ አንዱም አላመለጣትም። ሃምሳኛው፣ ስድሳኛው፣ የረጅም ዘመኑ ሁሉ በግራ ደረቷ ተደርድረዋል። በቀኟ ደግሞ የአባታቸውን ሦስት ሜዳዮች ታደርጋለች። አባታቸው በጦርነቱ ዘመን የጭነት መርከብ ላይ መርከበኛ ነበር። የራስ በግራ፣ የሟች ዘመድ በቀኝ ነው ሥርዓቱ። የአባት ቤት የደረሰው ለኦልዌን ስለነበር ሜዳዮቹም አብረው ወደ እሷ ሄዱ። በየኅዳሩ፣ በጦርነት የሞቱት በሚታሰቡበት የመታሰቢያ እሑድ፣ ኦልዌን ግራና ቀኝ እየተቅጨለጨለች ስትሰለፍ ኔስታ ከዳር ቆማ ታያለች፤ ሆዷ ይቃጠላል።

በዚያ ዓመት በጋ ኦልዌን ትንሽ ሣጥን ይዛ እየሮጠች መጣች።

“ነይ እዪው! አራተኛው መጣ። ወደ መስኮቱ አዙሪው እስቲ፣ እንዴት እንደሚያበራ!”

“ያምራል” አለች ኔስታ።

“ላንቺም እኮ ይገባሽ ነበር። ሦስት ሳምንት ብቻ ብትታገሺ…”

“ጉልበቴን አስፈቅጄ ነው የምታገሠው?”

“ምን ያስቆጣሻል?”

“ማን ተቆጣ? ሻይሽን ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል።”

ኦልዌን ከሄደች በኋላ ኔስታ ደንቡን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ አወጣችው። አምስት ሙሉ ዓመት ይላል። ያን ጊዜ ትዝ አላት። እናታቸው አልጋ ላይ በወደቀችበት ዓመት ኦልዌን ከነፍስ አድኑ ሰባት ወር ወጥታ ነበር። “እንግዲያ አገልግሎቷ ተቋርጧል!” አለች ለብቻዋ፤ ልቧ በደስታ ዘለለ። ወረቀት ስባ ኦልዌን የወጣችበትን ቀን፣ የተመለሰችበትን ቀን ጻፈች። “ያልተቋረጠ አገልግሎት የላትምና ይጣራ” ብላ ጨረሰች። የራሷን ስም አልጻፈችበትም። በዚያው ከሰዓት በነፍስ አድኑ መሥሪያ ቤት አድራሻ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

ሁለት ቀን ቀለል አላት። በሦስተኛው ቀን ምግብ አልበላ አላት።

ደብዳቤው እምብዛም አልተጓዘም። የነፍስ አድኑ አለቃ ኦልዌንን ጠርቶ አነበበላት፤ ከዕረፍቱ በፊት ያለውና በኋላ ያለው አገልግሎት ስለሚደመር ሜዳዩ የእሷው እንደሆነ ነግሮ፣ ወረቀቱን በእጇ ሰጣት። ኦልዌን የዳቦ ቤት ሽርጧን ሳታወልቅ እህቷ ቤት ገባች። አልተቀመጠችም።

“ስም የለውም” አለች ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። “ግን ‘ሐሙስ፣ ማርች ሃያ ሁለት’ ይላል። ሐሙስ እንደነበር ከእኔና ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል? እማዬን ለማጠብ ነፍስ አድኑን የተውኩበት ቀን ነው።”

ኔስታ ለመካድ አፏን ከፈተች። አልሆነላትም።

“እኔ ነኝ” አለች።

“ለምን?”

“ቀናሁብሽ። ሌላ ምን ልበልሽ? በተንቀሳቀስሽ ቁጥር ድምፃቸውን እሰማለሁ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ተሸክሜ ባዶ ደረቴን ነው የቀረሁት።”

“ቅናት ላንቺ ብቻ የተሰጠ መሰለሽ እንዴ?” የኦልዌን ድምፅ ተሰበረ። “ያን ሰባት ወር እኔ ገላዋን ሳጥብ፣ አንሶላዋን ስቀይር፣ እማዬ የምታዳምጠው ያንቺን መኪና ድምፅ ነበር። ‘ኔስታ መጣች?’ ነው ጧትም ማታም። በሳምንት አንድ ቀን ብቅ ስትዪ ፊቷ ይፈካል። ለእኔ አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ አልፈካም። ደብዳቤ ግን አልጻፍኩብሽም።”

በሩን ሳትወረውረው፣ ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች። ኔስታ መወርወሩን በመረጠች ነበር። ስለ እናቷ የሰማችው ነገር ሲያስለቅሳት ዋለ፤ እያለቀሰች ደግሞ “ለካስ እኔን ነበር የምትወደው” የምትል ትንሽ ደስታ ብልጭ አለችባት፤ በዚህም አፈረች።

እስከ ኅዳር አልተነጋገሩም። ኔስታ ዳቦዋን ከሌላ ሱቅ መግዛት ጀመረች።

በመታሰቢያው እሑድ ከመታሰቢያ ሐውልቱ ማዶ ቆመች። ሰልፉን የሚያስተካክለው ኢድዋል፣ ጡረታ የወጣ አሥር አለቃ፣ በየሰዉ ደረት እየዞረ ሜዳይ ያነሣል፣ ያቃናል፣ ይቆጣል። ኦልዌን ጋ ሲደርስ ቆመ።

“ቀኝሽ ባዶ ነው እኮ። አባትሽን የት ጣልሽው?”

ኦልዌን መንገዱን ተሻግራ ወደ ኔስታ መጣች። ከቦርሳዋ በጨርቅ የተጠቀለሉትን የአባታቸውን ሜዳዮች አወጣች።

“ዘንድሮ አንቺ አድርጊው” አለች፣ ዓይኗን ሳታነሣ። “ግራሽ ላይ እንዳትሰኪው ብቻ፣ ኢድዋል ይሞታል።”

“ደንቡን እንኳ ካንቺ በላይ አውቀዋለሁ።”

“እሱንማ አየነው። ‘ያልተቋረጠ’ የሚለውን ታዲያ ከየት አመጣሽው?”

ኔስታ ሳቅ አመለጣት፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። መርፌውን የሰካችላት ኦልዌን ነበረች። መለከቱ ሲነፋ ኔስታ አንገቷን ደፍታ ስለ አባቷ አሰበች፤ ከዚያ ዓይኗ ሳታዘው ወደ ሰልፉ፣ ወደ እህቷ አራት ሜዳዮች ሄደ። አሁንም ቆጠቆጣት፤ እንደ አምናው ግን አላቃጠላትም።

ከሥርዓቱ በኋላ ሻይ እየጠጡ የአባታቸውን ሜዳዮች ዓመት በዓመት እየተፈራረቁ ሊያደርጉ ተስማሙ። የሚቀጥለው ዓመት የኦልዌን ነው። ኔስታ እሺ አለች፤ ግን ከአሁኑ አልወደደችውም።