የሣሩ ተራ

እንድሪስ ከትናንት ወዲህ መቀመጥ አልሆነለትም። በአዋጅ ከመወረሱ በፊት የአንድ ነጋዴ በነበረው የኮምቦልቻ ግቢ ውስጥ ከአጥር አጥር ይመላለሳል፤ ጎንበስ ብሎ ሣሩን ይዳብሳል፤ ሣሩ እንደ ገለባ ይንኮሻኮሻል። በሚመጣው ሳምንት ከደሴ እንግዶች አሉ። እስከዚያ ውሃው መረጨት ካልጀመረ በአሻጥር እንደሚጠየቅ የቤቱ አዲስ ነዋሪ ጓድ ወርቅአፈራሁ ነግሮታል። ያን ጊዜ በአሻጥር ተጠይቆ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ጥቂት ነው።

ከሣሩ ሥር ቧንቧ ተቀብሯል። ውሃ ሲመጣ ከመሬት ብቅ ብለው የሚረጩ የናስ አፎች አሉት፤ ግቢው ጥግ ደግሞ በብረት ክዳን ሥር አራት መክፈቻዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ለሣሩ አንድ ክፍል ውሃ ይለቃል። እንድሪስ በክረምት የተቀጠረ አትክልተኛ ስለሆነ እስከ ኅዳር ድረስ ነክቷቸው አያውቅም። ክዳኑ የተከፈተ ቀን ጓድ ወርቅአፈራሁ፣ «አራቱንም ልቀቃቸው። አብዮቱ ሣር ከሣር አያበላልጥም» አለው።

ለቀቃቸው። አፎቹ ግን ቀና እንኳ አላሉም፤ እንደ ጥርስ አብቃይ ሕፃን ለሐጫቸውን አዝረበረቡ።

ሁለት ቀን ቆፈረ። ሚስቱ ሸሪፋ ምሳ ይዛለት ስትመጣ እስከ ወገቡ ጉድጓድ ውስጥ ነበር።

«የማንን መቃብር ነው የምትቆፍር?»

«የኔን። ቧንቧው የት እንደተቀደደ እየፈለግኩ ነው።»

«አገኘኸው?»

«ወላሂ ጤነኛ ነው። ውሃውም ይመጣል። አፎቹ ጋ ሲደርስ ነው አቅም የሚያጣ።»

«ስንቱን ከፍተህ?»

«አራቱንም።»

ሸሪፋ ሳቀች። «አባትህ ቢሰሙ ከሐርቡ በእግራቸው መጥተው ይገርፉህ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የውሃ አባት ሲሆኑ፣ አንድ ቀን አራት ቦይ ባንዴ ለቀዋል?»

እንድሪስ አካፋውን ተደግፎ ወደ ብረቱ ክዳን ተመለከተ። አባቱ የወንዙን ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያድሉ ሽማግሌ ነበሩ። ተጣልተው ቦዩን ለሁለት የከፈሉ ጎረቤታሞች ውሃቸው ከማሳ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሲሰምጥ በዓይኑ አይቷል። ውሃ ብረት ውስጥ ሲገባ ጠባዩን የሚለውጥ ለምን መሰለው?

ከጉድጓዱ ወጥቶ ሦስቱን መክፈቻ ዘጋ።

ያልተዘጋው ክፍል አፎች ከሣሩ መሐል ተነሡ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ፣ እንደ ሰው፣ ቀጥ ብለው። ውሃው በቀትር ፀሐይ ላይ ተበተነ። ሸሪፋ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ሸሸች።

የእንድሪስ ልብ ግን አልረጋም። ትእዛዙ አራቱንም ነው፤ የጓድ ወርቅአፈራሁ መኪናም በሩ ላይ ቆማለች።

«ጓድ እንድሪስ፣ ሌላው ለምን ደረቀ?»

«ተራውን እየጠበቀ ነው፣ ጓድ።»

«ተራ ያወጣው ማነው?»

«ውሃው ነው። ላራት ሲካፈል ላንዱም አይበቃ። ካላመኑኝ እርስዎ ይክፈቱት።»

ጓድ ወርቅአፈራሁ በተተኮሰ ካኪው ተንበረከከ። ሁለተኛውን ሲከፍት አፎቹ ጎበጡ። ሦስተኛውን ሲከፍት ተኙ። አራተኛውን ይዞ ቆየና ተወው፤ ከዚያ የከፈታቸውን አንድ ባንድ ራሱ ዘጋ።

«ለእያንዳንዱ ስንት ደቂቃ?»

«ፀሐይ የሚመታው ተዳፋት ረዘም ይላል። ከዛፉ ጥላ ሥር ያለው ግማሹ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ይበሰብሳል።»

«እኩል አይደለማ።»

«ጥማቸውም እኩል አይደል፣ ጓድ።»

ሰውየው የጉልበቱን ጭቃ አራገፈ። «ጉድጓዱን ድፈነው» አለ ወደ ቤት እየገባ፤ «እንግዶቹ እንዳያዩት።»

እንድሪስ አካፋውን አነሣ። ሁለት ጊዜ እንኳ ሳይዝቅ ጥሎት ወደ ብረቱ ክዳን ሮጠ፤ የተዳፋቱ ተራ ደርሶ ነበር።