የቆለኞቹ ቋጠሮ

መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ ላይ የእኛን ቤት የአደራ ቤት ይሉት ነበር። ስሙን የሰማ ትልቅ ነገር ይመስለዋል። ሁለት የሽመና ጉድጓድ፣ አንድ መደብ፣ ከመደቡ ሥር አንድ የእንጨት ሣጥን፣ በቃ ይኸው ነው። ሣጥኑ ውስጥ ግን የአሥራ ዘጠኝ ቤት ሰው ጥሪት ነበረ።

እኛ የመርሐቤቴ ሰዎች ነን፤ ሸማኔዎች። አባቴና ጎረቤቶቹ ጥጥ በአህያ ጭነው ከቆላ ወደ መንዝ የወጡት ብርድ ባለበት አገር ጋቢ ይሸጣል ብለው ነው፤ አልተሳሳቱም። ያገሩ ሰው ቆለኞች ይለን ነበር። የሠራነውን ሸማ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ልጁን ግን አይድርልንም። ሌላው ሰው ገንዘቡን በጓሮው ይቀብራል፤ እኛ የት እንቅበር? የምንቆምበት መሬት እንኳ የሰው ነው። ባንክ የሚባለው ደግሞ አዲስ አበባ ነው አሉ፤ ማን አይቶት። ስለዚህ ሁሉም ያለችውን ቋጥሮ አባቴ ዘንድ ያኖራል።

እያንዳንዱ የሸማኔ ቤት የራሱ ጥለት አለው፤ አንዱ ቀይና ጥቁር፣ ሌላው በአረንጓዴ መሐል ቢጫ መስመር። ገንዘቡን የሚቋጥረው ያ ጥለት ባለበት ቁራጭ ጨርቅ ነው። መዝገብ የለም፣ ፊርማ የለም። አባቴ ውስጡ ምን እንዳለ አይጠይቅም፤ ባለቤቱ ቋጥሮ ያመጣል፣ ሲፈልግ እንደቋጠረው ይወስዳል። ሣጥኑን የምከፍተውና የምዘጋው እኔ ነበርኩ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጥለቱን ሳይ የማን ቋጠሮ እንደሆነ ወዲያው አውቃለሁ። በዚህ ትንሽ ኩራት ነበረብኝ። ትንሽ ስል ውሸቴን ነው፣ ብዙ ነበረብኝ።

ነገሩን ያበላሸው የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። እኛው ቤት ይበላል፣ እኛው ቤት ያድራል፤ ሥራ ሲባል ግን ወገቡን ያመዋል። በዐቢይ ጾም መካከል አንድ ቀን ጧት፣ ጓሳ ሄጄ የጣራ ሣር ላምጣ ብሎ ወጣ። ያኔ ጓሳ ሣር ማጨድ የተከለከለበት ወቅት እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል፤ እኛ ግን ስንቅ ቋጥረን ሸኘነው። ከሰዓት በኋላ አንዲት ባሏ የሞተባት ጥጥ ፈታይ ቋጠሮዋን ልትወስድ መጣችና እዚያው ፊታችን ፈታችው። አሥራ ሁለት ጠገራ ብር ነበራት፤ ሰባት ቀርቷል። አባቴን ቀና ብላ አየችው፤ ብትጮህ ይሻለን ነበር። አጎቴም በዚያው ቀረ፤ ግሼ በሚባል አገር ታየ ሲሉ የሰማነው ከወራት በኋላ ነው።

አባቴ የጎደለውን አምስት ብር ከራሱ ቋጠሮ አውጥቶ ሰጣት። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የማወራው አይኖረኝም ነበር። እሱ ግን ጋቢውን ለበሰና ተነሣ፤ ፖሊስ ጣቢያ ሊሄድ።

“ሄደህ ምን ልትል?” አለች እናቴ።

“አደራ ተበላ ልል።”

“አንተ ሰውዬ፣ የራስህን ገመና አደባባይ ታወጣለህ? ሴትየዋ እንደሆነ ገንዘቧን ይዛ ሄዳለች።”

“ዛሬ ብሸፍነው ነገ የሁሉም ቋጠሮ ይጠረጠራል” አላት። “ሰማይ ሩቅ፣ አደራ ጥብቅ።”

ሄዶ ተናገረ፤ እዚያው አስቀሩት። የጣቢያው ሹም፣ የሰው ገንዘብ እንድትሰበስብ ማን ፈቀደልህ፣ ከሌባው ጋር ተካፍለህ ነው ያስመለጥከው ብሎ ከሰሰው። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። በዚያው በዘመሮ ገበያ በአራጣ እያበደረ የስንቱን ድሃ በሬ ከቀንበር ፈትቶ የወሰደ ባለጸጋ ነበር፤ እሱ ሲመጣ ሹሙ ከመቀመጫው ይነሣለታል። ድሀ ቢናገር አያደምቅ፣ ቢጨብጥ አያጠብቅ ነው ነገሩ። ዋስ ጥራ ተባለ። ዋስ የሚሆነው ርስት ያለው ሰው ነው፤ ከእኛ መሐል ርስት ያለው ማን አለ? አባቴ ታሰረ።

ከሳምንት በኋላ ዳኛው ፊት ሲቀርብ ትእዛዙ ይህ ሆነ። መዝገብ ስለሌለ ቋጠሮዎቹ ሁሉ ፍርድ ቤት ይምጡ። እያንዳንዱ ባለቤት መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ይናገር፣ ከዚያ ይፈታ። አንዱ እንኳ ከቃሉ ጋር ካልገጠመ አባቴ አደራ በልቷልና ደብረ ብርሃን ወህኒ ይወርዳል። ለዚያ ሦስት ቀን ተሰጠን።

ሦስቱን ቀን እናቴ ያንን ሣጥን እያየች ሰውነቷ አለቀ። ወንድሟ ሌላም ነክቶ እንደሆነ በምን ታውቃለች? እንፍታና እንየው፣ የጎደለ ካለ ተበድረን እንሙላ አለችኝ። እኔም ልቤ ከእሷ ጋር ነበር። ምሳ ይዤ ስሄድ ለአባቴ ነገርኩት። እንጀራውን አስቀመጠና “የሰው ቋጠሮ ብትፈቱ ያኔ ነው እኔ ሌባ የምሆነው” አለኝ። መለስኩና ለእናቴ ነገርኳት፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው።

ከባለቋጠሮዎቹ አንዱ ጎረቤታችን ሽማግሌ ነበሩ። እውነቱን ልናገር፣ አልወዳቸውም ነበር። ለየማርያሙ በዓል ብቅ ይሉና “እስቲ ቋጠሮዬን አሳዪኝ” ይሉኛል፤ ነካ ያደርጉታል፣ “መልሺው” ይላሉ፣ ይሄዳሉ። እግዜር ይስጥልኝ የለ፣ ምን የለ። አረማመዳቸውን እያስመሰልኩ ልጃቸውን አስቃት ነበር። ልጃቸው ጓደኛዬ ናት፤ ጥጥ የምንፈትለው አብረን ነው። ለዳግማይ ትንሣኤ ልትዳር ቀን ተቆርጦላታል፤ ሙሽራው ከእኛው ሰዎች ሁሉ ደኅና ኑሮ ያለው ሸማኔ ልጅ ነው። የሙሽራው አባት እሺ ያሉት ሽማግሌው፣ ለልጄ የምሰጣት ገንዘብ አደራ ቤት ተቀምጧል ስላሉ ነው። ቋጠሮውን በዓይናቸው አይተውታል፤ ያሳየኋቸውም እኔ ነኝ።

በቀጠሮው ቀን ጉሙ ሳይገለጥ ፍርድ ቤት ደረስን። ቋጠሮዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ዳኛው የባለቤቱን ስም ይጠራሉ፣ ባለቤቱ ይናገራል፣ እኔ እፈታለሁ፣ ጸሐፊው ይጽፋል። “ስድስት ብርና የእናቴ የብር ቀለበት” ትላለች አንዷ፤ ይፈታል፣ ነው። “ሃያ ሁለት” ይላል ሌላው፤ ነው። አጎቴ ለካ የወሰደው የዚያችኑ ምስኪን ብቻ ኖሯል። እናቴ ትንፋሽዋ መመለስ ጀመረ። አንድ ብቻ ሲቀር የሽማግሌውን ቋጠሮ አነሣሁ።

አባቴ ከቆመበት እጅ ነሣ። “ጌታዬ፣ ይህቺ ባትፈታ። በእኔ ላይ ትቆጠር።”

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። “በአንተ ላይ ከተቆጠረች ወህኒ እንደምትወርድ ታውቃለህ?”

“አውቃለሁ።”

የጣቢያው ሹም ፈገግ አለ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት አባቴን ጠላሁት። አጎቴ የሽማግሌውንም ሰርቋል፣ አባቴ ለዚያ ወሮበላ ብሎ ሊታሰር ነው፣ ሌላ ምንም አልታየኝም። ቋጠሮውን ጨብጬ ቆሜ ቀረሁ።

ሽማግሌው በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ። “ፍቺው፣ ልጄ” አሉኝ።

“መጀመሪያ እርስዎ ይናገሩ” አሉ ዳኛው። “ምን አለበት?”

ሽማግሌው፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን የሙሽራውን አባት አንዴ አዩዋቸው። ከዚያ ወደ ዳኛው ዞሩ።

“ዘጠኝ ቀለህ ነው።”

“ምን አሉ?”

“ቀለህ። ባዶ የጥይት ቀፎ። በጣሊያን ጊዜ ከመንገድ የለቀምኩት ነው። ዘጠኝ ነው፣ ይቁጠሩት።”

ፈታሁት። ነሐሶቹ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለሉ። ጸሐፊው ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው፤ ዘጠኝ ነበሩ። የሳቀ ሰው የለም።

“እንዲህ ያለ ነገር አደራ የሚባለው ለምንድን ነው?” አሉ ዳኛው፤ ቁጣ አልነበረባቸውም።

“ሁሉም ሲያኖር እኔ ብቻ ባዶ እጄን ልቅር፣ ጌታዬ? ሲነካ ድምፅ እንዲሰጥ ብዬ ነው። ይሄ ሰው የዛሬ ስምንት ዓመት ከእጄ ሲቀበለኝ ብር እንዳልሆነ በክብደቱ አውቆታል። ለሚስቱ እንኳ አልተነፈሰም። አሁንስ ሊታሰርልኝ ነው፤ እንዴት ዝም ልበል?” ብለው ተቀመጡ።

ዳኛው ቃሉና ቋጠሮው ሁሉ ስለገጠመ አባቴን በነጻ ለቀቁት፤ ፈቃድ የለህምና ሁለተኛ አደራ እንዳትቀበል ብለው አስጠነቀቁት። ሰው ሁሉ ቋጠሮውን ወሰደ። የሙሽራው አባት የራሳቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ሽማግሌውን ሳያዩ ወጡ። አባቴ ከተፈታበት ወደ ቤት አልመጣም፤ ሽማግሌውን ደግፎ እስከ ደጃቸው አደረሰ። መንገድ ላይ ምን እንደተነጋገሩ እናቴ ብትጠይቀው “ስለ ጥጥ ዋጋ” አላት።

ሳምንት ሳይሞላ ከሙሽራው ወገን ሁለት ሰዎች መጡና ነገሩ ይቅርብን አሉ። ምክንያቱን የጠየቃቸው የለም።

ዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ጓደኛዬ እንዝርቷን ይዛ እኛ ቤት መጣች፤ ሊሞሽሯት ቀጥረው በነበረበት ቀን። ሰርጓን የበላነው እኛ ነን፤ አባቴ ከእስር የወጣው በእሷ ሰርግ ዋጋ ነው። ያንን ልላት፣ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ ቀና ሳትል ቀደመችኝ።

“አባትሽ እቤት ነው?”

“እቤት ነው።”

“እንግዲያው ይበቃል፤ ጥጥሽን ፍተዪ” አለችኝ።