የባሕር መለኪያው

ሰውየው ቡታጅራ መናኸሪያ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ቴሌቪዥንና የዲሽ ሪሲቨር ይጠግናል። የደንበኛን ዕቃ ከመክፈቱ በፊት ሶኬት ላይ ይሰካና ትንሿ መብራት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል በጣቱ ይቆጥራል። «እሷ ሳትናገር እኔ አልናገርም» ይላል። ሲቆም እግሮቹን ፈርከክ አድርጎ ነው፤ መሬቱ የሚወዛወዝበት ይመስላል። የነጭ ሸሚዙ ኮሌታ ነትቧል፤ መልሕቅ የተቀረጸባቸው ቁልፎቹ ግን ዛሬም ተወልውለው ያበራሉ።

በርበሬ ነጋዴዋ ፈቲሀ ሪሲቨሯን ልትወስድ መጥታ መደርደሪያው ላይ አንድ እንግዳ ዕቃ አየች። ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል።

«ጋሼ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የመርከብ ዕቃ ነው። ከመርከቡ ሥር ያለውን የባሕር ጥልቀት ይለካል። ከምፅዋ ስንሸሽ ያተረፍኩት እሱን ብቻ ነው።»

«ታዲያ የሰው ሲጠግኑ የራስዎን ረሱት? ተበላሽቷል እኮ!»

ሰውየው ሊነቅለው እጁን ዘረጋ፤ ግን አልነቀለውም።

«ዕቃውስ ደህና ነው፣ እህቴ። ‹ከሥሬ ውሃ የለም› ነው የሚለው። ይኸው ሃያ ዓመቱ።»