በስብሐት ስም የተያዘው ወንበር

ሰው ኖረ የሚባለው በምኑ ነው? በበላው በጠጣው ነው? በወለዳቸው ነው? ወይስ ስሙ በሰፈረባቸው ወረቀቶች ብዛት? ቶሎሳ ደቻሳ ሠላሳ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይህን ጠይቆ አያውቅም። ጠዋት ከቀጨኔ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ጉለሌ ካለው የሻማ ፋብሪካ ይገባል፤ እቅድ ክፍል ተቀምጦ የመጪውን ሩብ ዓመት ምርት ይተነብያል፤ ማታ ሰም ሰም እየሸተተ አቀበቱን ይወጣል። ሕይወቱ ይኸው ነበር፤ አላማረረባትም።

በ1976 ዓ.ም. መስከረም ላይ ግን ለፋብሪካው አንድ ደብዳቤ መጣ። አንድ ኮሌጅ በንግድ ሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ በማታ ሊያስተምር ነው። ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ሥራ መልቀቅ አያስፈልግም፤ ለየፋብሪካው አንድ ወንበር ተመድቧል። የዚህ ፋብሪካ ወንበር የተሰጠው ለስብሐት ዓለሜ ነበር።

ስብሐት ቀድሞ የእቅድ ክፍል ኃላፊ ነበር። በ1970 በጥር ወር አንድ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» አሉት። ኮቱን ወንበሩ ላይ ጥሎ ወጣ። አልተመለሰም። የጠየቀም አልነበረም።

ችግሩ መዝገቡ ነበር። ስም የሚሰርዝ ሰው ምክንያት መጻፍ አለበት፤ ምክንያት የጻፈ ሰው ደግሞ «አንተ ይህን እንዴት አወቅህ?» ይባላል። ስለዚህ የአስተዳደሩ ጸሐፊ ከስብሐት ስም ጎን «በትምህርት ላይ» ብሎ ጻፈ። ከእሱ በኋላ ለጠፉት አምስት ሰዎችም እንደዚያው ተጻፈላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በውይይት ክበብ ስም ሲጠራ የስድስቱም ይጠራል፤ ጠሪው «በትምህርት ላይ» ይልና ወደሚቀጥለው ያልፋል። አዲስ የተቀጠሩ ሠራተኞች ፋብሪካው ለሠራተኛው ትምህርት እንዴት ቢደክም ነው እያሉ ይደነቁ ነበር። ኮሌጁም ፋብሪካው ለሚኒስቴር የላከውን የሠራተኞች ዝርዝር አይቶ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን፣ በትምህርት ላይ ያለውን ሰው መረጠ። በወረቀት ከሄዱ ስህተት የለበትም።

«ወንበሩ እንዳያመልጠን» አለ የአስተዳደር ኃላፊው ጓድ ደበላ፣ ቶሎሳን አስጠርቶ። «አንተ ሂድ።»

«በእሱ ስም?»

«ለጊዜው። ስም ለማስቀየር ስድስት ወር ይፈጃል። ሲጠራ አቤት በል፣ ተማር። ኋላ እናስተካክለዋለን። ስትጨርስ የክፍል ኃላፊነቱ ያንተ ነው።»

«እሱ ቢመጣስ ጓድ ደበላ?»

ደበላ ብዕሩን ከደነና «ከመጣ ትለቅለታለህ» አለ። አልሳቀም።

የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሙሐዲን ግን ቶሎሳ ሲነግረው ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ የመጀመሪያው ዲግሪ ይኸው የሻማ ክር አስለካህ። ሁለተኛው ደግሞ ሰሙን ሊያስልስህ ነው?»

«የክፍል ኃላፊ ያደርገኛል።»

«የክፍል ኃላፊ የሆነውንማ አየነው» አለና ሙሐዲን አፉን በእጁ ያዘ። ወዲያና ወዲህ ተመለከተ። ከዚያ ስለ ገመድ ማውራት ጀመረ።

ሚስቱ ሠርካዲስ የያዘችው ክርክር ሌላ ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ በየቤቱ እየተሰበሰቡ፣ መስኮት ዘግተው፣ በሹክሹክታ ይጸልዩ ነበር። ትምህርቱም ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ነው።

«ሦስት ዓመት እኮ ነው ቶሌ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው የምትገባው። ይሁን፣ እሱንስ እችለዋለሁ። ግን በሰው ስም አቤት ማለት… ጌታ የሚጠራህ በራስህ ስም ነው።»

«ወረቀት ነው ሠርኬ።»

«እዚህ አገር ወረቀት መቼ ቀላል ነገር ሆኖ ያውቃል?»

አንድ መንፈቅ ልሞክረው፣ ካልበጀኝ እተወዋለሁ ብሎ ሄደ። ሰው ወደማይወጣበት ቤት የሚገባው ብዙ ጊዜ «ልሞክረው» ብሎ ነው።

የመጀመሪያው ማታ መነጽራም መምህር ቀና ሳይል ስም ጠራ። «ስብሐት ዓለሜ!» ቶሎሳ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ዞር ዞር አለ። ሁለተኛ ሲጠራ ነው ያስታወሰው። «አቤት» አለ፤ ድምፁ ለገዛ ጆሮው እንግዳ ሆነበት።

ትምህርቱን ወደደው፤ ይህን መካድ አይቻልም። መምህሩ አንድ ማታ «ውሳኔ ማለት የምታገኘውን ማወቅ አይደለም፤ የምትተወውን ማወቅ ነው» ሲል ቶሎሳ ለሠርካዲስ ሊነግራት አቀበቱን በሩጫ ነው የወጣው። ይሁንና በሁለተኛው ወር፣ ቅዳሜ በውይይት ክበብ «ቶሎሳ ደቻሳ!» ተብሎ ሲጠራ ዝም አለ። ሙሐዲን በክርኑ ጎሰመው። «ስብሐት ዓለሜ!» ሲባል ደግሞ ከመቀመጫው ግማሽ ድረስ ተነሣ። ሙሐዲን እጅጌውን ጎትቶ አስቀመጠው፤ ቀኑን ሙሉ ቀልድ አልወጣውም።

ጥር ላይ ፈተና ሆነ። ከአምስቱ ጥያቄዎች አራተኛውን ሰዓት አልበቃውምና ባዶ ገጽ ትቶ አስረከበ። ወረቀቱ ታርሞ ሲመለስ አራተኛው ጥያቄ ሙሉ ገጽ ተጽፎበታል፤ ከሃያ አሥራ ስምንት ተሰጥቶታል። ፊደሎቹ ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው። ሰባት ቁጥሮቹ ወገባቸው ላይ ጭረት አላቸው። ቶሎሳ ያንን እጅ ጽሑፍ ያውቀዋል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከመሳቢያው ውስጥ የስብሐትን አሮጌ እቅዶች እያወጣ አንብቦታል።

«ይህ የኔ ጽሑፍ ነው?» አላት ሠርካዲስን።

«ያንተ ነው እንጂ የማን ሊሆን ነው?» ብላ ተቀበለችው። ወደ ብርሃኑ አስጠግታ አየችው። ከዚያ አጥፋ መለሰችለትና ሄዳ የተኙትን ልጆች ብርድ ልብስ አስተካከለች።

የመንፈቁ ውጤት በፖስታ የተላከው በማኅደሩ ላይ ወዳለው አድራሻ ነበር፤ ቀጨኔ መድኃኔዓለም ጀርባ፣ እማማ የሺሀረግ ቤት። የስብሐት እናት ናቸው። በሳምንቱ የፋብሪካው በር ላይ ቆመው ቶሎሳን አስጠሩት።

«የኔ ልጅ፣ የስብሐት ባልደረባ አንተ ነህ አሉኝ።» ወረቀቱን ከጉያቸው አወጡ። «አምስቱንም አልፏል። ጎረቤት ናት ያነበበችልኝ። በትምህርት ላይ ነው፣ በትምህርት ላይ ነው ሲሉኝ የሚያታልሉኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እውነት ነው! ግን ማታ የሚማር ሰው ቀን የት ነው የሚውል? ተቀይሞኝ ነው?»

«እማማ…»

«ልቆጣው አይደለም። ስሙ ሲጠራ አቤት ሲል ከውጭ ሰምቼ ልመለስ። በቃ። ሌላ ምንም አልል።»

ቶሎሳ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ግን የቱን እውነት? መቼ እንደሞተ አያውቅ፣ የት እንደተጣለ አያውቅ። ዘበኛው ጆሮውን ወደ እነሱ አዘንብሏል። «ማክሰኞ ማታ ነው» አለ።

እስከ ማክሰኞ ድረስ መዘነው። አቤት ካለ እኚህን እናት በልጃቸው ድምፅ ማታለሉ ነው። ዝም ካለ መምህሩ «የለም» ብሎ ይጽፋል፤ እማማም ይገባቸዋል፤ እሱም በሰው ስም መቀመጡ ይታወቅና ትምህርቱንና ተስፋ የተሰጠውን ኃላፊነት በዚያው ያጣል። ዝም ሊል ወሰነ። በሕይወቱ ከወሰናቸው ነገሮች ሁሉ በራሱ ሚዛን የመዘነው ይህን ብቻ ነው።

ማክሰኞ ማታ እማማ የሺሀረግ ነጠላቸውን አጣፍተው ከመስኮቱ ውጭ ቆሙ።

«ስብሐት ዓለሜ!» አለ መምህሩ።

ቶሎሳ ጥርሱን ነከሰ።

«ስብሐት ዓለሜ!»

«አቤት» አለ አንድ ሰው።

ድምፁ ከኋላ አልመጣም፣ ከፊትም አልመጣም። መምህሩ ቀና ሳይል ምልክት አደረገ። ከተማሪዎቹ ዞር ብሎ ያየ የለም። ቶሎሳ እጁን ወደ አፉ ሰደደ፤ ከንፈሮቹ ገጥመዋል፤ ጥርሱ እንደተነከሰ ነው።

ሲወጣ እማማ እንባቸውን እየጠረጉ ይስቃሉ። «ሰማኸው? ጎርነን ብሏል። ብርድ መትቶት ይሆናል።» ልጃቸውን አስጠሩልኝ አላሉም፣ ቃላቸውን ጠበቁ፤ አቀበቱን እንደ ልጃገረድ ቀለል ብለው ወጡ።

በማግሥቱ ቶሎሳ ደበላ ቢሮ ገባ። «ትምህርቱ ይቅርብኝ።»

«አብደሃል? የስሙ ነገር እኮ ሊያልቅ ነው! ኃላፊነቱን ለሌላ ሰው እንድሰጠው ነው?»

«ይስጡት ጓድ ደበላ። ወንበሩ ሰው አለበት።»

ከዚያ ወዲያ ኮሌጁን አልረገጠም። ማክሰኞና ሐሙስ ከሠርካዲስ ጋር መስኮት ዘግቶ መጸለይ ጀመረ። የተወው ነገር የቆጨው ጊዜ አልጠፋም፤ ከእሱ በኋላ የመጣ ወጣት አለቃው ሲሆን ቆጭቶታል። ግን ሰኔ ላይ ለእማማ የሺሀረግ ሁለተኛ የውጤት ወረቀት ደረሳቸው። ስብሐት አራቱንም ትምህርት አልፏል፤ አንድ ቀን አልቀረም።

ሙሐዲን ይህን ሲሰማ «እኔ አልሰማሁም፣ አንተም አልነገርከኝም» ብሎ የግምጃ ቤቱን በር ዘጋ።

ቶሎሳ ሌሊቱን ሳይሆን ቀኑን ነበር የሚፈራው፤ እማማን መንገድ ላይ ማግኘትን። እሳቸው ባገኙት ቁጥር «መቼ ነው የሚመረቅ?» ይሉታል። ጎረቤት ለቅሶ ሲደርሱ የሰው እናት ያጽናናሉ፤ ለራሳቸው ያላለቀሱት ስድስት ዓመት ሰባት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። አንድ ሰው ሳይሞት መቅረቱ ከሞቱ የከፋ መሆኑን ቶሎሳ ያወቀው በእሳቸው ፊት ላይ ነው።

ስለዚህ ማመልከቻ ጻፈ፤ ለፋብሪካው፣ ለኮሌጁ፣ ለቀበሌው። ሠርካዲስ «ይወስዱሃል» ብላ ለመነችው፤ ሦስቱንም በገዛ ስሙ ፈረመባቸው። መልስ ሲያጣ በዓመቱ ደግሞ ጻፈ። መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ ሰባት ጊዜ ጻፈ፤ ሰባቱም ጊዜ የለመነው ያንኑ ነው፦ «ስብሐት ዓለሜ የሞተበትን ቀን በአንድ መስመር ጽፋችሁ፣ ማኅተም አድርጋችሁ ስጡኝ፤ እናቱ እርማቸውን ያውጡ።» ያቺን አንዲት መስመር የጻፈለት ሰው አልተገኘም።