አሜን ያልንበት ድንኳን

ዛሬ ሞጣ ለቅሶ ልደርስ ድንኳን ውስጥ ስገባ የረጠበ ሸራ ሸተተኝ፤ ዓይኔ ሳላዝዘው ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ ፈለገ።

ልጅ ሳለሁ ቢቸና ያለው ቤታችን ለመንገድ ሥራ ፈረሰ። የአባቴ ጡረታ ለቤት ኪራይ ስለማይበቃ አራት ክረምት በድንኳን ኖርን። አንድ ቀን አንዲት መንገደኛ ሴትዮ የለቅሶ ድንኳን መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና፣ «እግዜር ያጥናችሁ» አሉን። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። አባቴ ግን ብድግ ብሎ፣ «አሜን፣ እግዜር ይስጥልን» አለ።

ሴትዮዋ ሲወጡ፣ «አባባ፣ ማን ሞተና ነው?» አልኩት።

«ዝም በይ ልጄ። ቤታችን ሲፈርስ እንዲህ ያለን ሰው ነበር?»

በአራተኛው ክረምት አባባ እዚያው ሲሞት፣ የድንኳን ነገር ማንንም አላስጨነቀም። ጎረቤት አግዳሚ ወንበር ብቻ ይዞ መጣ።