የእትዬ አስካለ ፎልደር

ብርድ በመጣ ቁጥር አንገቴ ያን ሰሞን ያስታውሰኛል። ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለሁ ከኋላ የመጣ መኪና ገጨኝ። መኪናዬ ጋራዥ ገባች፣ አንገቴም አልዞር አለኝ፤ ጠበቃ ላማክር ቀጠሮ ያዝኩ።

ያን ጊዜ እናት የሆኑኝ እትዬ አስካለ ናቸው። ከአደጋው ወዲህ አጥሚት ሳይዙ የመጡበት ቀን የለም። ወረቀቶቼን በፌስታል አጭቄ ሲያዩኝ ተቆጡ። የፖሊስ ሪፖርቱን፣ የሐኪሙን ወረቀትና የመኪናዬን ፎቶ ፎልደር ውስጥ ሰደሩልኝ። ከዚያ ሶፋው ላይ አስቀምጠው ያለማምዱኝ ጀመር።

«እንዴት ነህ?» አሉኝ፣ እንደ ጠበቃ ኮስተር ብለው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«አየህ! ደህና ከሆንክ ጠበቃ ምን ያደርግልሃል? የሚያምህን ተናገር እንጂ!»

አፌ እምቢ እያለኝ አምስት ጊዜ ደገምነው።

ያኔ ስልክ መንገድ አያሳይም ነበርና፣ በቀጠሮው ቀን ካርታ ፕሪንት አድርገው ዴንቨር ድረስ በመኪናቸው ወሰዱኝ። ከፊታችን ካለው መኪና እጅግ ርቀው ስለሚነዱ ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክስ ያደርግብን ነበር።

ጠበቃው ፎልደሩን ገልጦ ፊቱ በራ። «እንዲህ ተዘጋጅቶ የመጣ ደንበኛ አይቼ አላውቅም። የቀረው የገጨህ ሰው መንጃ ፈቃድ ኮፒ ብቻ ነው» አለኝ።

እኔ አቀረቀርኩ። እትዬ አስካለ ቦርሳቸውን ከፈቱና የራሳቸውን መንጃ ፈቃድ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«በል ልጄ፣ ስሜን ሳያበላሽ እንዲጽፍ ንገረው» አሉኝ።